ያሰኛትን ትብላ

ጋሼ አይስክሬም ይጠላ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሚጠላው አይስክሬም የሚሠሩትን ሰዎች ነበር። "ሌቦች!" ይላቸዋል ሱቁ ውስጥ ፍሪዘሩ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ እንደሚጸልይ ሰው። ከዚያ አንዱን ዕቃ ያነሳና ላዩ ላይ ያለውን አመዳይ በእጅጌው ጠርጎ ለእኔ ያቀብለኛል። እሱ መነጽር ማድረግ ያሳፍረዋል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ገና አዲስ ነው። ከፍሪዘሩ የሚወጣው ብርድ ጉልበቴን እየቆረጠመኝ ትንንሾቹን ፊደሎች በጣቴ እየተከተልኩ አነብለታለሁ።

"ወተት።"

"እሺ።"

"ስኳር።"

"እሺ።"

"ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የአትክልት ዘይት..."

"ዘይት! ወተት መሀል ዘይት ምን ሊሠራ ገባ? ቀጥይ።"

"የጓር ሙጫ፣ ሴሉሎስ ሙጫ..."

"በቃ፣ መልሺው!"

እመልሰዋለሁ። ሌላ ያነሳል። ያም ሙጫ አያጣም፤ እሱንም እመልሳለሁ። በመጨረሻ ምንም ሳንገዛ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ አፍንጫችን ቀልቶ፣ ትልቅ ጦርነት እንዳሸነፈ ሰው ደረታችንን ነፍተን እንወጣለን።

ባለሱቁ መቼም ምስኪን ነው፤ ሽያጭ ሲያጣ ጨዋታ ይፈልጋል። "ኢንስፔክተራችን! ዛሬስ ስንቱን አሰሩ?" ይለዋል ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ።

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" ይላል ጋሼ። "አንተም መጥረቢያ አቀባይ ነህ።"

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና እናቴ የምንኖረው እሱና ሚስቱ ቤት ነበር። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ክፍል ይሠራል። የግድግዳ ቀለም በጣሳ ታሽጎ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ቆንጥሮ በመስታወት ላይ የሚያፈስ፣ መስታወቱን አዘንብሎ አወራረዱን የሚያይ፣ በአውራ ጣቱ አሻሽቶ "ይለፍ" ወይም "ይመለስ" የሚል እሱ ነው። ሴሉሎስ ሙጫ ማለት ደግሞ ቀለሙን የሚያወፍሩበት ዱቄት ነው፤ በመጋዘናቸው ውስጥ በጆንያ ተከምሮ በየቀኑ ያየዋል። ያንን ስም አይስክሬም ላይ ባገኘ ቁጥር ግድግዳ በማንኪያ ሊያበሉት የመጡ ይመስለዋል።

እኔም አምነዋለሁ። አምኜው ብቻ ብተወው ደግ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ትምህርት ቤት በር ላይ አይስክሬም ሲልሱ ካየሁ አጠገባቸው ሄጄ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ "ግድግዳ እየላሳችሁ ነው" እላቸዋለሁ። አንዷ አልቅሳ ጥላዋለች። እሷ ስታለቅስ እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጓደኛ ለምን እንዳልነበረኝ ያኔ አይገባኝም ነበር።

ዛሬ የራሴ ልጆች አሉኝ፤ እኔም ፍሪዘር ፊት ቆሜ አነባለሁ። የጓር ሙጫ ባቄላ ከመሰለ ተክል ፍሬ የሚወጣ ነገር ነው። ሴሉሎስ ሙጫውም ሲነሳ እንጨት ወይም ጥጥ ነው። ቀለም ውስጥ የገባ ሁሉ መርዝ ነው ከተባለ ውሃም ቀለም ውስጥ ይገባል። ጋሼ የሚፈርደው በስም ትውውቅ ነበር። ስሙን ከወጥ ቤት የሚያውቀውን ያሳልፋል፤ ከፋብሪካ የሚያውቀውን ይኮንናል፤ ጨርሶ የማያውቀውን ይሰድባል። ስኳሩን ግን፣ ያንን ሁሉ ስኳር፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም። ከሁሉም መጠርጠር የነበረበት እሱ ነበር፤ ግን ስኳር የቤት ልጅ ነው፣ ማን ይናገረዋል?

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፤ ምላሷም ከመኪናው አይተናነስም። ሌላ ቦታ ያሰፋችውን ቀሚስ ልታስተካክል የመጣች ደንበኛ ካለች እትዬ ቀሚሱን ገልብጣ የውስጥ ስፌቱን ታይና፣ "ማን ነው የሰፋልሽ? ጠላት አለሽ እንዴ?" ትላታለች። የእኔን ደብተር ካየች ዶሮ የጫረችው ነው። ሬዲዮ ላይ የሚዘፍነው ሰውዬ ጥርሱን አሞት ነው። የጎረቤት መጋረጃ ለመጋረጃነት ሳይሆን ለቅጣት የተሰቀለ ነው። በጣም የተደሰተች ቀን ከአፏ የሚወጣው ትልቁ ምርቃት "አይከፋም" የሚል ነበር። እሱንም ስትናገር ቅንድቧ ይነሳል፤ እንዴት እንዳመለጣት የገረማት ትመስላለች።

ጋሼና እሷ ሲነጋገሩ ለሰማ ሰው ነገ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ነው የሚመስሉት።

"ግድግዳ ከአንተ የተሻለ ጨዋታ ያውቃል" ትለዋለች።

"ታዲያ ግድግዳውን አታገቢም ነበር?" ይላታል።

"አባቴ አንተን መረጠልኝ እንጂ ግድግዳማ ነበር።"

እኔ ይሄን ሁሉ እንደ ኳስ ግጥሚያ ነው የማየው። የጋሼ ደጋፊ ነኝ። እሱ ጥሩ መልስ የመለሰ ቀን ደስ ብሎኝ እተኛለሁ፤ እሷ የረታች ቀን እናደዳለሁ። ሁለቱ የሚዋደዱ ሰዎች መሆናቸው በጭራሽ አልታሰበኝም። የሚዋደዱ ሰዎች ቀስ ብለው የሚያወሩ፣ አበባ የሚሰጣጡ ይመስለኝ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ በቤታችን አበባ ይዞ የገባ ሰው ቢኖር እትዬ "ማን ሞተ?" ነበር የምትለው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲያበቃ የስፌት መኪናው ዝም አለ። መጀመሪያ ሆዴን ነው አለች እትዬ፤ ቀጥሎ ጀርባዬን፤ ቀጥሎ ምንም ማለት ተወች። ከመርፌው ሥር ገና አንድ እጅጌ የቀረው ቀሚስ ተንጠልጥሎ ከረመ። ደንበኞች እየመጡ በሩ ላይ ከእናቴ ጋር ይንሾካሾካሉ። እትዬ ከመኝታ ቤት ሆና፣ "ድምፃችሁን ከፍ አድርጉት፤ ስለ እኔ ከሆነ እኔም ልስማው!" ትላቸዋለች።

ምግብ አልወርድ አላት። እናቴ ሾርባ ሠርታ ትገባለች። እትዬ አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ "ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ድስቱን ያጠብሽበት?" ትላለች። እናቴ ሳህኑን ይዛ ትወጣና ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለረጅም ጊዜ ሽንኩርት ትከትፋለች። ያን ሰሞን እናቴ ሽንኩርት የማትከትፍበት ቀን አልነበረም፤ የሽንኩርት ምግብ ግን በልተን አናውቅም። እኔ ይሄን ዛሬ ነው የማስበው።

ሐኪም ቤት የሄድን ቀን ትምህርት አልነበረኝም፤ ስለዚህ ይዘውኝ ሄዱ። ክፍሉ ሳሙናና አልኮል ይሸታል። እኔ ግድግዳው ጥግ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ ተቀመጥኩ። ግድግዳውንም በጋሼ ዓይን አየሁት፤ ቀለሙ በየቦታው ተልጧል፣ ጥራቱ ዝቅተኛ ነው። ሐኪሙ ሽበታም ሽማግሌ ነው። ጥቁር ፎቶዎችን ወደ መብራት እያነሳ አየ። ከጋሼና ከእናቴ ጋር በረጃጅም ቃላት ተነጋገረ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ እትዬ አጠገብ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

"ልጄ፣ ከእንግዲህ መርፌውንም ምኑንም እንተወው" አላት። "አድክሞሻል። ቤትሽ ገብተሽ እረፊ።" ወደ ጋሼ ዞረ። "ምንም አትከልክሏት። ያሰኛትን ትብላ።"

ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አጨበጨብኩ። የሚከለከለው የታመመ ሰው ነው። ባለፈው ጉንፋን ሲይዘኝ ከቀዝቃዛ ነገር ተከልክዬ ስድን ተፈቅዶልኛል። እትዬ አሁን መርፌም ቀርቶላታል፣ ሁሉም ነገር ተፈቅዶላታል፤ ስለዚህ ድናለች። ሒሳቡ ግልጽ ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። የደስታ ለቅሶ ነው ብዬ ዘጋሁት። ጋሼ ግን ፊቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ቀረ። ገባኝ፤ ለነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነው። ሐኪሙ "ያሰኛትን ትብላ" ሲል ለእትዬ ጎል አስቆጠረላት፣ ጋሼ ተሸነፈ፣ ስለዚህ አኩርፏል። ያን ያህል ብልህ ነበርኩ።

ወደ ቤት በታክሲ ስንመለስ የምዘፍነው እኔ ብቻ ነበርኩ። እትዬ በመስኮቱ በኩል ተደግፋ ተቀምጣለች። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረችው።

"ሰማህ አይደል?"

"ምኑን?" አለ ጋሼ።

"ያሰኛትን ትብላ ነው ያለው። ያውም በሽማግሌ አፍ።"

"ሰምቻለሁ።"

"አይስክሬም አሰኝቶኛል። ሮዙን። ያንን ትልቁን፣ የእንጆሪውን።"

ሮዙ ከሱቁ አይስክሬም ሁሉ የከፋው ነው። እንጆሪ ሳይሆን የእንጆሪ ቃና ነው ያለበት። ሙጫው አንድ ብቻ አይደለም፤ ዘይትና ውሃ የሚያስታርቅ ሽማግሌ የሚመስል አንድ ዱቄትም አለው። ጋሼ እሱን ያነበብኩለት ቀን ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው እስኪደነግጥ ነው የጮኸው።

"እሱ ሐኪም ነው" አለ ጋሼ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። "ስለ አይስክሬም ምን ያውቃል?"

ሹፌሩ ሳቀ። እትዬም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ሳል ሆነባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሁለት ነገር ብቻ የሚነገርበት ሆነ። እትዬ ሮዙን አምጣ ትላለች። ጋሼ ንጹሕ አገኝልሻለሁ ይላል። ከሥራ ሲወጣ ትምህርት ቤት በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ነው። አውቶቡስ ተሳፍረን የማናውቀው ሰፈር ድረስ ሄደናል። ባለትልልቅ መስታወት መደብሮች ገብተን ልብሳችንን ጠርገን ፍሪዘር ከፍተናል። ውዱም ርካሹም ያው ነው፤ ውዱ ሙጫውን የሚጠራው በቆንጆ ስም ነው እንጂ። "መልሺው" ይላል ጋሼ። ድምፁ ግን እንደ ድሮው አይጮህም። እኔ ደክሞኝ ወለሉ ላይ ስቀመጥ፣ "አንድ ብቻ፣ አንድ ንጹሕ ሰው በዓለም ላይ ይጠፋል?" ይለኛል። ለእኔ ይሄ የጀግና አነጋገር ነበር።

አንድ ቀን ነጩን፣ የተሻለ ነው ያለውን ገዝቶ ቤት ይዞ ገባ። እትዬ አልጋዋ ላይ ቀና አለች። እሱ ግን ማንኪያ ከማምጣት ይልቅ ከሥራ ቦርሳው የመስታወት ቁራጭ አወጣ። አይስክሬሙን ቆንጥሮ መስታወቱ ላይ አስቀመጠና መስኮቱ ጠርዝ ላይ ፀሐይ አስመታው። ቆይቶ አዘነበለው። አይስክሬሙ አልፈሰሰም። እንደ ሳሙና አረፋ ቅርጹን ይዞ ቁጭ አለ።

"አየሽ?" አለኝ ጋሼ። "አይስክሬም ካልቀለጠ ምኑን አይስክሬም ሆነ? ግማሹ አየር ነው፤ አየሩን ደግሞ ሙጫው ይዞታል። አየር እየሸጡልን ነው!"

"ለመስታወቱ ተፈቀደለት፣ ለእኔ ተከለከለ" አለች እትዬ ከአልጋዋ። "መስታወቱን ምን ብለህ አገባኸው?"

በነገታው ራሱ ሊሠራ ተነሳ። ወተት፣ እንቁላል፣ ስኳርና ማር አመጣ። ወጥ ቤቱን ከእናቴ ቀምቶ፣ የፋብሪካ ካፖርቱን ለብሶ፣ ልክ እንደ ቀለም በረጅም ዱላ አማሰለው። ማቀዝቀዣችን ደካማ ነው፤ እስኪረጋ ቀኑ አለቀ። ሲወጣ ግን ድንጋይ ሆኗል። ማንኪያው ታጠፈ። ጋሼ በቢላ ጫፍ ፈንቅሎ ትንሽ አቀመሳት።

እትዬ በጥርሷ ነካክታ መለሰችለት። "ይሄ ለመብል ነው ለግንባታ?"

"ንጹሕ ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ንጹሕ በላሁ" አለች። "የት እንዳደረሰኝ እየው።"

ጋሼ ሳህኑን ይዞ ወጣ። እንደገና ሞከረ። እየመጣ በየመሀሉ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አማሰለው፣ ስኳር ጨመረበት፣ እንቁላሉን አበዛው። አንዴ የቀዘቀዘ ገንፎ ሆነ፤ አንዴ ከላይ ቅቤ ከታች በረዶ ሆነ። ይሄን ጊዜ ነው ያ የተሰደበው ሙጫ ለምን እንደሚገባ ሊገባው የሚገባው። ገብቶት ይሆናል፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም። እትዬ እያንዳንዱን በመልኩ ሰደበችው። አንዱን "ሲሚንቶ"፣ አንዱን "ዝልግልግ"፣ አንዱን ደግሞ "ይሄስ አንተን ይመስላል" አለችው።

አንድ ጊዜ ጋሼ ሥራ ላይ ሳለ እናቴ ሮዙን በሳህን አድርጋ ሸፍና ይዛ ገባች። ከትንሹ ነው የገዛችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ልናገርባት አፌን አሹያለሁ። እትዬ ግን ሽታው ደርሷት ከንፈሯን እየላሰች ሳህኑን በእጇ ጀርባ ገፋችው።

"ብይ እንጂ! ማን ያያል?" አለች እናቴ።

"እሱ ሳያይ ከበላሁትማ ምኑን በላሁት? ፊቱን ማየት አለብኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እስከ መቼ ነው የምትፋለሙት?"

"እስኪደክመው" አለች እትዬና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሮዙ አይስክሬም ሳህኑ ላይ ቀስ እያለ ሟሸሸ፤ እናቴ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። እኔ እትዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አከበርኳት። የጨዋታው ሕግ የገባት ተጫዋች ናት አልኩ።

ያን ምሽት ከእራት በኋላ እናቴና ጋሼ ወጥ ቤት ሲነጋገሩ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰማሁ።

"ወንድሜ፣ ስጣት በቃ" አለችው እናቴ። "ከእንግዲህ ምን ይጎዳታል?"

"እንዴት ምን ይጎዳታል ትያለሽ? ሆዷን ቢያውካትስ? ነገ ሲሻላት..."

"ነገ ሲሻላት?"

ጋሼ የሚንጠባጠበውን የውሃ ቧንቧ አጥብቆ ዘጋ። "አንቺም እንደ ሐኪሞቹ ሆንሽ" አላት፤ በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ከሁለቱ ያመንኩት ጋሼን ነበር። ነገ ሲሻላት ብሏል፤ የጥራት ሰው ሳያረጋግጥ አይናገርም። ዛሬ ሳስበው ሐኪሙን ከሁላችንም በፊት የሰማው እሱ ነው። ሞኝ አልነበረም፤ በአይስክሬም ካልሆነ በቀር። አንድን ሰው ከሙጫና ከቀለም የምትከለክለው ገና ብዙ የሚቀረው ሰው ከሆነ ነው። እየከለከላት እስካለ ድረስ እትዬ ወደፊት የምትኖር ሰው ነበረች። ስለዚህ ከለከላት፤ እሷም እየተሳደበች ተከለከለች። ይሄን ያህል ፍቅር ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ በሌላ ቋንቋ የሚናገረው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። እትዬ መሳደብ ቀነሰች። እናቴ ሾርባ ይዛ ስትገባ ዝም ብላ አፏን ትከፍታለች፤ ያ ነገር ከስድቧ ይልቅ ቤቱን ከበደው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ እናቴ በጥጥ ታረጥብላታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከሥራ ቀድሞ መጣ። ትምህርት ቤት በር ላይ አልጠበቀኝም ነበር፤ ብቻዬን መጥቼ የቤት ሥራዬን ሳሎን እየሠራሁ ነው። በጥቁር ፌስታል የሆነ ነገር አንጠልጥሎ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ከፌስታሉ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ያለ እኔ ሱቅ ሄዷል! ማን አነበበለት? ተነስቼ ተከተልኩት።

ሮዙ ነበር። ትልቁ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ክዳኑን ከፈተ፤ ያ ጣፋጭ ሽታ የመድኃኒቱን ሽታ አሸንፎ ክፍሉን ሞላው። እናቴ ከወንበሯ ተነስታ ወጣች። እኔ ቀረሁ፤ የእትዬን የድል ፉከራ ማጣት አልፈለግኩም። እትዬ ግን አልፎከረችም። ዕቃውን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

"አነበብከው?" አለችው። ድምጿ ቀጥኗል።

"ተይው። ብይ፣ ይቀልጣል።"

"ሳታነብ የገዛኸው ነገር አለ?"

"ዛሬ ገዛሁ።"

"አንብበው፤ ከዚያ እበላለሁ።"

"መነጽሬን አልያዝኩም።"

"ጸሐፊህ በር ላይ ቆማለች" አለች እትዬ።

ጋሼ ዕቃውን አላቀበለኝም፤ እኔ ራሴ ሄጄ ከእጁ ወሰድኩት። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። በሱ አነባበብ ነው ያነበብኩት፤ ወተትና ስኳሩን በጨዋ ድምፅ፣ ዘይቱን ከንፈሬን አጣምሜ፣ ሙጫዎቹን አንድ በአንድ እየተጸየፍኩ። በየመሀሉ ቆም እያልኩ እሱን አያለሁ። "የእንጆሪ ቃና" ስል "እንጆሪው ራሱ የት ሄደ?" ብሎ መጮህ ነበረበት። እሱ ግን ክዳኑን በጥፍሩ እየፋቀ አንገቱን እንደ ደፋ ነው። የመጨረሻው ቃል ላይ በደስታ እየዘለልኩ ነው የደረስኩት፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

"ቀይ ቀለም!" አልኩ። "ጋሼ፣ ቀለም ይላል እኮ! በግልጽ ጽፈውታል! ልመልሰው?"

እትዬም እሱን እያየችው ነበር። ሁለታችን አንድ ቃል ነበር የምንጠብቀው። እኔ የጠበቅኩት እንዲያሸንፍልኝ ነው። እሷ ይሄን አይስክሬም ስትለምን ከርማ እንዲከለክላት እንደምትለምነው ያኔ ማን ይንገረኝ?

"አይ" አለ ጋሼ። "ምንም የለበትም። ይሄኛው ደህና ነው።"

ውሸቱን ነው! ዕቃውን ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጋሼ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያውም በሙጫ ጉዳይ። በሕይወቴ እንደዚያ የናቅኩት ሰው አልነበረም።

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው ፊቷ ላይ የነበረው መጠበቅ ጠፍቷል።

"እንግዲያው አጉርሰኝ" አለችው።

ጋሼ ዕቃውን ከእጄ ተቀብሎ በሻይ ማንኪያ ትንሽ ቆረሰ። ከማንኪያው አንሶላው ላይ ሮዝ ጠብታ ወደቀ። እትዬ ከንፈሯን ከፈተች፤ አይስክሬሙን አፏ ውስጥ ይዛ እስኪሟሟ ጠበቀችና በዝግታ ዋጠችው።

"እንዴት ነው?" አላት።

እኔ የሚከተለውን ስድብ እየጠበቅኩ ነበር። ሲሚንቶ ትለዋለች፣ ግድግዳ ትለዋለች፣ ይሄን ነው ስትደብቀኝ የከረምከው ትለዋለች።

"ይጣፍጣል" አለች እትዬ። "በጣም ይጣፍጣል። እግዜር ይስጥህ።"

ጋሼ ማንኪያውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። እትዬ እጁን በሁለት እጇ ያዘችለት። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ማንም ምንም ሳይነግረኝ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ እናቴን እየጠራሁ ከክፍሉ ሮጬ ወጣሁ።